ዓሣን ማደንዘዝ የት ይጠቅማል? የት ይጎዳል?

እንደሚታወቀው በኩሬ ዓሣ ማርባት ለጀመረ ገበሬ ከመጀመሪያዎቹ ወጪዎች አንዱ የዓሣ ጫጩት ነው። ጫጩቱ ከማራቢያ ጣቢያ ተጭኖ ኩሬው ዘንድ ሲደርስ ደኅና መስሎ ይታያል፤ ሲለቀቅም ይዋኛል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን ሆዱን ገልብጦ የሚንሳፈፈው ብዙ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ገበሬው «የተሰጠኝ ጫጩት በሽተኛ ነበር» ይላል፤ ጣቢያው ደግሞ «ገበሬው አያያዝ አያውቅም» ይላል። በሁለቱ መካከል ግን የብዙዎቹ ዓሦች ሞት የተጀመረው ቀደም ብሎ፣ በመረብ ሲጎተቱ፣ በእጅ ሲለዩና በባልዲ ሲታጨቁ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ለዚህ ችግር እንደ መፍትሔ ከሚነሱት ነገሮች አንዱ ማደንዘዣ ነው። በውጭ አገር የዓሣ እርባታ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ በመሆኑ በእኛም አገር በየኩሬው ይሠራበት የሚሉ አሉ። ለዓሣ ደግሞ ምን ማደንዘዣ ያስፈልገዋል ብለው የሚያጣጥሉም አሉ። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም። አስተያየታችን ባጭሩ ይህ ነው፦ የማደንዘዣ ቦታ የማራቢያ ጣቢያው ጠረጴዛ ነው እንጂ የገበሬው ኩሬ ዳር አይደለም። ጣቢያው በደንብ አውቆ ሊጠቀምበት ይገባል፤ ገበሬው ግን ያለ ማደንዘዣ ዓሣውን ማትረፍ ይችላል። ምክንያታችንን ከዚህ በታች በዝርዝር እናቀርባለን።

ዓሣ ሲያዝ ምን ይደርስበታል?

ዓሣ ከውኃ ሲወጣ የሚታየን መወራጨቱ ብቻ ነው። የማይታየው ጉዳት ግን ከሚታየው ይበልጣል። ዓሣው በሚሸሽበትና በሚወራጭበት ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይረጫሉ። ልቡ በኃይል ይመታል፤ በጡንቻው ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል። ኮርቲሶል በደሙ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ከፍ ብሎ ሲቆይ ዓሣው በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎቱም ይዘጋል።

ሁለተኛው ጉዳት የጨው መጥፋት ነው። በወንዝና በሐይቅ በሚኖር ዓሣ ደም ውስጥ ያለው ጨውና ሌላ ማዕድን በሊትር ወደ 9 ግራም ከሚጠጋ የገበታ ጨው ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ የሚኖርበት ውኃ ግን ጨው የለውም ቢባል ይቀላል። በመሆኑም ጨው በስንጥቡ፣ ማለትም ዓሣው በሚተነፍስበት አካል፣ በኩል ዘወትር ወደ ውጭ ሊያመልጥ ይፈልጋል፤ ውኃ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ጤነኛ ዓሣ ይህን ሚዛን ያለ ማቋረጥ ይጠብቃል። የተጨነቀ ዓሣ ስንጥብ ግን ብዙ አየር ለመሳብ ብዙ ደም ስለሚያስተላልፍ ጨው የሚያመልጥበት በር ወለል ብሎ ይከፈታል። ዛሬ ሲዋኝ የታየው ዓሣ ከነገ ወዲያ የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት የቆዳ ነው። የዓሣ ገላ በዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው። ይህ ፈሳሽ ዓሣውን ከእጃችን ለማምለጥ እንዲያሟልጭ ብቻ የተሰጠው አይደለም፤ ሻጋታና ተውሳክ እንዳይገባበት የሚከላከል ልብሱ ነው። በደረቅ እጅ፣ በሸካራ መረብ ወይም በደረቅ ጨርቅ የተያዘ ዓሣ ይህ ልብስ ይገፈፍበታል። የቆሮሶ የጀርባ እሾህ ደግሞ በአንድ መረብ ውስጥ የታጨቁትን ጓደኞቹን ይወጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ የሚታየው ለዚህ ነው።

ማደንዘዣ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ማደንዘዣ በውኃ ተበጥብጦ ዓሣው በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ የሚያስገባው መድኃኒት ነው። ከደሙ ወደ አንጎሉ ደርሶ ስሜቱንና እንቅስቃሴውን ያበርዳል። የዓሣው አደነዛዘዝ በደረጃ የሚሄድ ስለሆነ ሠራተኛው ደረጃዎቹን በዓይኑ ለይቶ ማወቅ አለበት።

1ኛ. ዓሣው ረጋ ይላል፤ ሲነኩት ምላሹ ይዘገያል፤ ሚዛኑን ግን አይስትም።

2ኛ. ሚዛኑን ይስታል፤ ወደ ጎን ይዘነበላል፤ ለመቃናት ይሞክራል።

3ኛ. በጎኑ ወይም በጀርባው ይተኛል፤ ጅራቱ ሥር ቆንጠጥ ሲያደርጉት አይወራጭም። የስንጥቡ ክዳን ግን በዝግታና በሥርዓት መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ሥራ የሚሠራው በዚህ ደረጃ ነው።

4ኛ. የስንጥቡ ክዳን ይቆማል። ይህ ዓሣ ሊሞት የቀረው የደቂቃዎች ጊዜ ስለሆነ ወዲያውኑ አየር ወደሚነፋበት ንጹሕ ውኃ መግባት አለበት።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው ማደንዘዣዎች አንዱ ትሪኬይን ወይም ኤም ኤስ 222 የሚባለው ነው። ዱቄቱ በውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ነገር ግን ውኃውን አሲድ ስለሚያደርገው ያለ ሶዲየም ባይካርቦኔት ቢጠቀሙበት ዓሣውን ይብሱን ያስጨንቀዋል። ሁለተኛው ቤንዞኬይን ሲሆን በውኃ ስለማይሟሟ በቅድሚያ በአልኮል መበጥበጥ አለበት። ሦስተኛው ከቤታችን ብዙም የማይርቀው የቅርንፉድ ዘይት ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ቅርንፉድ የሚነክሰው በከንቱ አይደለም። በዘይቱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዩጂኖል የተባለው ንጥረ ነገር የጥርስ ሐኪሞችም የሚሠሩበት አደንዛዥ ነው። በዓሣም ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ ይኖርበታል። በአገራችን በብዙ ወንዞችና በሐይቅ መጋቢዎች ዓሣን በብርብራ ፍሬ ዱቄት የማጥመድ ልማድ አለ። ብርብራ ዓሣን «ያደነዝዛል» ስለሚባል ማደንዘዣ ከተባለ ብርብራስ ምን አለው የሚል ሊኖር ይችላል። ብርብራ ግን ማደንዘዣ ሳይሆን መርዝ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሰውነት ህዋሶች በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ዓሣው ዝም የሚለው ስሜቱ ስለበረደ ሳይሆን ኦክስጅን በተሞላ ውኃ ውስጥ ሆኖ ታፍኖ ነው። ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። ብርብራ በማራቢያ ጣቢያም ሆነ በኩሬ ለማደንዘዣነት ፈጽሞ ሊገባ አይገባውም።

ማደንዘዣ የማይሠራው ነገርም አለ። የተገፈፈ ቆዳ አይመልስም፤ ቆሻሻ ውኃ አያጠራም፤ የታጨቀ ባልዲ አያሰፋም። ከዚህም በላይ ዓሣው እስኪደነዝዝ ድረስ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ለእርሱ ራሳቸው ጭንቀት ናቸው። ስለዚህ ማደንዘዣ ጥቅም የሚሰጠው የሚያድነው ጭንቀት ከሚያመጣው ጭንቀት ሲበልጥ ብቻ ነው። የጽሑፋችን ሚዛንም ይኸው ነው።

«ለዓሣ ማደንዘዣ ምን ያደርግለታል?» ለሚሉ

ይህን የሚሉት ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው ዓሣ ሕመም አይሰማውም የሚል ነው። በዚህ ጉዳይ በሊቃውንት መካከል ክርክሩ ገና አላለቀም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ በስኮትላንድ ባወጡት ጥናት በትራውት ዓሣ ፊት ላይ ጉዳትን የሚለዩ ነርቮች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከንፈራቸው ላይ የንብ መርዝ ወይም አሴቲክ አሲድ የተወጉት ዓሦች ምግብ ለመጀመር ዘግይተዋል፤ በአሲድ ከተወጉትም ከንፈራቸውን በጠጠር ላይ ያሹ ታይተዋል። ዓሣ እንደ ሰው «አመመኝ» ይላል አንልም። ሆዱን በሚጨምቁት ጊዜ ግን ምንም አይሰማውም ብሎ መደምደም የሚያስችል መረጃ የለም ማለት እንችላለን።

ሁለተኛው ምክንያት ወጪ ነው። ወጪውን ስናሰላ ግን የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚጠፋውንም ማሰብ ይገባናል። አንዲት የደረሰች እናት አምባዛ በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች የያዘች ናት። በሁለት ሰዎች እጅ ስትታገል ቆይታ ወለል ላይ ብትወድቅ የሚጠፋው አንድ ዓሣ አይደለም፤ የአንድ ወቅት ጫጩት ነው። ለዚህች ዓሣ የሚያስፈልገው የቅርንፉድ ዘይት ግን በጠብታ የሚቆጠር ነው።

ማደንዘዣ የሚያስፈልገው የት ነው?

በእኛ አስተያየት ማደንዘዣ ተገቢ የሚሆነው ዓሣው አንድ በአንድ ከውኃ ወጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቆየት ሲኖርበት ነው።

ሀ. የአምባዛ እንቁላል ሲታለብ። አምባዛ በኩሬ ውስጥ በራሱ ጊዜ እንቁላል አይጥልም ማለት ይቻላል። በመሆኑም እናቲቱ የሆርሞን መርፌ ተወግታ ሆዷ በእጅ እየተጫነ እንቁላሉ ይወጣል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ኃይለኛና የሚያሟልጭ ዓሣ ስለሆነ ያለ ማደንዘዣ አጥብቆ መያዝ ግድ ይሆናል፤ አጥብቆ መያዝ ደግሞ የውስጥ አካሏን ይጎዳል። የደነዘዘች ዓሣ ግን በእርጥብ ፎጣ ላይ ተኝታ በለዘበ እጅ ትታለባለች። ከመታለቧ በፊት ሆዷ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ውኃ የነካው እንቁላል ዘር ሳያገኝ ይበላሻልና።

ለ. ወንዱ አምባዛ ሲታረድ። የወንዱ አምባዛ ዘር ሆዱን በመጫን ስለማይወጣ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣው ተገድሎ የዘር ፍሬው ይወሰዳል። በሕይወት እያለ ሆዱን መቅደድ ጭካኔ ነው፤ ለሠራተኛውም አስቸጋሪ ነው። በቅድሚያ በከፍተኛ መጠን ቢደነዝዝ ሥራው ንጹሕ ይሆናል።

ሐ. የወላጅ ዓሦች ክብደትና ርዝመት ሲለካ፣ ምልክት ሲደረግባቸው ወይም ቁስላቸው ሲታከም። ዓሣ እየተወራጨ የተወሰደ ልኬት ራሱ ትክክለኛ አይሆንም። የተሳሳተ ልኬት ደግሞ የተሳሳተ ምርምር ነው።

ማደንዘዣ የማያስፈልገው የት ነው?

በአንጻሩ ማደንዘዣ ሊጠቀሙበት በማይገባቸው ሥራዎች ላይ እንዲገባ የሚደረገው ግፊት ያሳስበናል።

ሀ. ጫጩት ሲጓጓዝ። በጣም የደነዘዘ ጫጩት ወደ ታች ይሰምጣል፤ አንዱ በሌላው ላይ ይከመርና ታፍኖ ይሞታል። በውጭ አገር ለመጓጓዣ የሚሠራበት መጠን ዓሣውን የሚያረጋጋ እንጂ የሚያስተኛ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጠባብ ስለሆነ፣ መኪና እየሄደ ውኃውም እየሞቀ ሊጠበቅ የሚችል አይደለም።

ለ. ቆሮሶ ወንድና ሴት ተብሎ ሲለይ። ይህ ሥራ በመቶና በሺ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዓሦችን አገላብጦ ማየት ነው። የሠለጠነ ሠራተኛ አንዱን ዓሣ ለማየት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ዓሣውን አደንዝዞ እስኪነቃ መጠበቅ ከሥራው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ጭንቀቱም ይረዝማል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው እርጥብ እጅ፣ ጥላና በአንድ ጊዜ ጥቂት ዓሣ ማውጣት ነው። እንቁላል በአፏ የያዘች እናት ቆሮሶ ደግሞ በተያዘች ጊዜ እንቁላሏን ትተፋለችና ለመለየት ተብላ ባትነካ ይሻላል።

ሐ. ዓሣ ለገበያ ሲወጣ። ይህ ጉዳይ የበላተኛው ጤና ስለሆነ ለብቻው እንመለከተዋለን።

የደነዘዘ ዓሣ ለገበታ አይቅረብ

ማደንዘዣ ወደ ዓሣው ደም እንደገባ ሁሉ ወደ ሥጋውም ይገባል። ከሥጋው እስኪወጣም ጊዜ ይፈልጋል። በአሜሪካ ኤም ኤስ 222 የነካው ዓሣ 21 ቀን ሳይሞላው ለምግብ እንዳይቀርብ ተከልክሏል። የቅርንፉድ ዘይትን በተመለከተ ደግሞ የዚያው አገር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዘይቱ ለዓሣ ማደንዘዣነት ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ በዘይቱ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ሜቲል ዩጂኖል በአይጦች ላይ የጉበት ካንሰር ማምጣቱ ነው።

አንዳንዶች «ቅርንፉድ በሻይ እንጠጣው የለምን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በሻይ የሚገባው ጥቂት የቅርንፉድ ፍሬና ተጣርቶ የወጣ ዘይት አንድ አይደሉም። አንድ ነገር በወጥ ቤት መገኘቱ በማንኛውም መጠን ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ችግሩ የሚከፋው በጾም ወቅት ነው። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ይደራል፤ ኩሬ ያለው ሁሉ ዓሣውን ለማውጣት ይቸኩላል። ማደንዘዣ በገበሬው እጅ ቢገባ ትናንት የደነዘዘው ዓሣ ዛሬ ገበያ ላይ አይገኝም የሚል ዋስትና ማን ይሰጣል? ማደንዘዣ በጣቢያ ብቻ ይወሰን የምንልበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ነው። በጣቢያ ያሉት ወላጅ ዓሦች የተቆጠሩና ምልክት ያላቸው ናቸው፤ የደነዘዙበት ቀን በመዝገብ ሊሰፍር ይችላል። በማደንዘዣ የተገደለው ወንድ አምባዛም ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ለሠራተኛም ለውሻም ሳይሰጥ ይቀበር። ሥጋው እንዲበላ ከተፈለገ ዓሣው መገደል ያለበት በማደንዘዣ ሳይሆን ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ አጥብቆ በመምታት ነው።

በጣቢያ አሠራሩ እንዴት ይሁን?

ለማራቢያ ጣቢያዎች የቅርንፉድ ዘይት ተስማሚ መስሎ የሚታየን ዋጋው ረከስ ያለ ስለሆነና በትንሽ መጠን ስለሚሠራ ነው። ሆኖም ጣቢያው ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተመካክሮና በአገሪቱ የመድኃኒት ደንብ መሠረት ብቻ ይጠቀምበት። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1. ዘይቱ በቀዝቃዛ ውኃ ስለማይሟሟ 1 እጅ ዘይት ከ9 እጅ ንጹሕ አልኮል ጋር ይበጠበጣል። ይህ ብጥብጥ በጥቁር ጠርሙስ ሆኖ ስሙና የተሠራበት ቀን ይጻፍበታል። ቅርንፉድ ቀቅሎ ወይም ፈጭቶ መጠቀም አይገባም፤ በውስጡ ያለው የዩጂኖል መጠን አይታወቅምና።

2. ለብዙ የዓሣ ዓይነቶች የሚሠራበት መጠን በሊትር ውኃ ከ25 እስከ 100 ሚሊ ግራም ዘይት ነው። በ40 ሚሊ ግራም ለመጀመር ለ20 ሊትር ውኃ የሚያስፈልገው 800 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ወደ 0.8 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው ብጥብጥ 8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በስሪንጅ ይለካል እንጂ በግምት አይፈስስም።

3. ውኃው ዓሣው ከነበረበት ኩሬ የተቀዳ ይሁን፤ ሙቀቱም እኩል ይሁን። ውኃው ሲሞቅ ማደንዘዣው ይፈጥናል።

4. በመጀመሪያ በሁለት ወይም በሦስት ዓሦች ይሞከር። ዓሣው በ3 ደቂቃ ውስጥ ቢደነዝዝ፣ ወደ ንጹሕ ውኃ ሲመለስም በ5 ደቂቃ ውስጥ ቢነቃ መጠኑ ተስማሚ ነው። አምባዛ ከአየር ጭምር ስለሚተነፍስ ሊዘገይ ይችላል፤ ለቆሮሶ የሠራው መጠን ለእርሱ ላይበቃ ይችላል።

5. ዓሣው ከመድኃኒቱ ውስጥ ሳለ ዓይን ከስንጥቡ ክዳን ላይ አይነሳ። አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ብቻ ይመደብ።

6. የማንቂያው ውኃ ዓሣው ከመደንዘዙ በፊት ተዘጋጅቶ አየር እየተነፋበት ይጠብቅ። ዓሣው ሚዛኑን ጠብቆ መዋኘት ሳይጀምር ወደ ኩሬ አይለቀቅ።

7. ሠራተኛው ጓንት ያድርግ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሥራ። ያገለገለው ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አይደፋ።

እዚህ ላይ ከውጭ መጻሕፍት ብቻ ለሚሠሩ ባለሙያዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። በመጻሕፍቱ የሚገኙት ሠንጠረዦች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ውኃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በባሕር ወለል ላይ በሊትር ወደ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሰበታ ግን የሚይዘው ወደ 7 ሚሊ ግራም ነው። የደነዘዘ ዓሣ አተነፋፈሱ ስለሚደክም ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በደጋ ሲሠራ የአየር መንፊያ የግድ ነው፤ በአንድ ባልዲ የሚገባው ዓሣ ቁጥርም ከመጽሐፉ ያነሰ መሆን አለበት።

ገበሬው ያለ ማደንዘዣ ምን ያድርግ?

ለገበሬው የምንመክረው ገንዘብ የማይጠይቅ ወይም ጥቂት ብቻ የሚጠይቅ ነው። ዓሣ መብላት በብልሃት እንደሚባለው ሁሉ ዓሣን መያዝም ብልሃት ይፈልጋል።

• ዓሣው ከመያዙ ወይም ከመጓዙ በፊት ለ24 ሰዓት ምግብ አይሰጠው። ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ኦክስጅን አያባክንም፤ ውኃውንም አያቆሽሽም።

• ሥራው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይፈጸም። ሌሊቱን የኩሬው ውኃ አረንጓዴ ሆኖ ዓሣው ከውኃው ፊት ላይ አየር ሲጎርስ ከታየ ግን ፀሐይ ወጥታ ኦክስጅኑ እስኪመለስ ይጠበቅ።

• መረቡ ቋጠሮው ለስላሳ ይሁን። በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ ጎትቶ ከማውጣት ጥቂት በጥቂት ማውጣት ይሻላል።

• እጅ፣ ሚዛንና ጠረጴዛ አስቀድሞ በኩሬ ውኃ ይርጠብ። የዓሣው ዓይን በእርጥብ ጨርቅ ቢሸፈን መወራጨቱ ይቀንሳል።

• ለጉዞ በሚዘጋጀው ውኃ በሊትር 5 ግራም ጨው ይጨመር። ይህም ለ50 ሊትር በርሜል ሩብ ኪሎ ማለት ነው። አሞሌም ቢሆን በደንብ ተፈጭቶና ተሟሙቶ ያገለግላል። ጨው አያደነዝዝም፤ ነገር ግን ከዓሣው ደም የሚያመልጠውን ጨው ስለሚቀንስ ከላይ የጠቀስነውን የዘገየ ሞት ይከላከላል።

• ከተቻለ ጫጩቱ በፕላስቲክ ከረጢት ሲሶው ውኃ፣ ቀሪው ኦክስጅን ተሞልቶ ይጓጓዝ። ከረጢቱ በጥላ ይቀመጥ።

• ኩሬው ዘንድ ሲደርስ ከረጢቱ ሳይፈታ ውኃው ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይንሳፈፍ። ከዚያም የኩሬው ውኃ ቀስ በቀስ ይጨመርበትና ዓሣው ራሱ ዋኝቶ ይውጣ እንጂ አይደፋ።

እነዚህን ሁሉ የፈጸመ ገበሬ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። እነዚህን ሳይፈጽም ማደንዘዣ የሚፈልግ ደግሞ ማደንዘዣ አያድነውም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደዘረዘርነው ማደንዘዣ በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም። ጥሩ የሚሆነው በሠለጠነ እጅ፣ በተለካ መጠን፣ ለማይቀር ሥራና ለገበታ በማይቀርብ ዓሣ ላይ ሲውል ነው። ስለዚህ የሚከተለው ቢፈጸም እንላለን። አንደኛ፣ አምባዛ የሚያራቡና ወላጅ ዓሣ የሚለኩ ጣቢያዎች ሁሉ ማደንዘዣ፣ ስሪንጅ፣ የአየር መንፊያና የማደንዘዣ መዝገብ ይኑራቸው፤ ቢያንስ ሁለት ሠራተኛም ያሠልጥኑ። ሁለተኛ፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለገበሬው ማደንዘዣ ከመንገር ይልቅ ጾምን፣ ጥላን፣ እርጥብ እጅንና ጨውን ያስተምሩ። ሦስተኛ፣ ጫጩት የሚያከፋፍል ጣቢያ ኃላፊነቱ ጫጩቱ ከበሩ ሲወጣ አያብቃ፤ ከተለቀቀ በሦስተኛው ቀን ስንት እንደሞተ ከገበሬው ይጠይቅና ይመዝግብ። አያያዛችን መሻሻሉ ወይም አለመሻሻሉ የሚታወቀው በዚያ ቀን በሚቆጠረው ዓሣ ነው።